በጃፓን ምግብ ቤቶችና ካፌዎች ስለመመገብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለትምህርት፣ ለሥልጠና ወይም ለሥራ ወደ ቶኪዮ የሚመጡ ወገኖቻችን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጡም፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በጥሬ ዓሣ ይጀምራሉ። እዚህ የቆየ ሰው ግን ለሐበሻ የሚከብደው ሳህን ላይ ተጋድሞ የሚታየው ዓሣ ሳይሆን በየምግቡ ውስጥ የተደበቀው መረቅ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ መልሶቹ በዚያ ጉዳይ ላይ ረዘም ብለው ይቆያሉ። ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ጥሬ ዓሣ አያሳምምም?

አልፎ አልፎ ያሳምማል፤ ነገር ግን ቁርጥ በሚጥሚጣ ለሚበላ፣ አያቶቹም ኮሶ ለጠጡ ሕዝብ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በባሕር ምግብ በኩል የሚፈራው አኒሳኪስ የተባለው ትል ሲሆን፣ ማኬሬልን፣ ሳልሞንንና ስኩዊድን በመሳሰሉት ውስጥ ይገኛል፤ በሕይወት እንዳለ ከተዋጠም በሰዓታት ውስጥ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ያስከትላል። ዋሳቢ የሚባለው አቃጣይ አረንጓዴ ቅመምም ሆነ ኮምጣጤ አይገድሉትም። የሚገድለው በደንብ ማብሰል ወይም ማቀዝቀዝ ነው፤ የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ከ24 ሰዓት በላይ ማቆየትን ይመክራል። ሱሺ፣ ማለትም ኮምጣጤ የነካው ሩዝ ከዓሣ ጋር፣ የሚሸጡ ታዋቂ ቤቶች ከሚያቀርቡት ዓሣ ብዙው በረዶ ቤት ያደረ ወይም በእርባታ ያደገ በመሆኑ አደጋው ትንሽ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም በሽታ የመከላከል አቅምዎ የተዳከመ ከሆነ ግን የበሰለውን ይምረጡ።

ሳልሞን ሱሺ የጥንት የጃፓን ምግብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጃፓኖች በባሕራቸው የሚያጠምዱትን ሳልሞን በትሉ ምክንያት ጥሬውን አይበሉም ነበር፤ ጥሬ ሳልሞን የተለመደው ኖርዌይ በ1980ዎቹ በእርባታ ያደገ ዓሣዋን «ለሱሺ ይሆናል» ብላ ገበያ ካወጣች በኋላ ነው።

ጥሬ ሥጋ ለሚናፍቀው ሰው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በ2011 ጥሬ የበሬ ሥጋ የበሉ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ደንቡ እጅግ ጠብቋል፤ በምግብ ቤት ጥሬ የከብት ጉበት መሸጥ ከ2012፣ ጥሬ የአሳማ ሥጋ መሸጥ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ተከልክሏል። ይህን ሁሉ ሰምተው ሳለ በአንድ መጠጥ ቤት ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ በስሱ የተቆረጠ ቀይ ሥጋ ተደርድሮ ቢያዩና ቁርጥ ተገኘ ብለው ቢደሰቱ፣ ከማዘዝዎ በፊት ስሙን ይጠይቁ። «ባሳሺ» ካሉዎት የፈረስ ሥጋ ነው።

በጾም ምን መብላት ይቻላል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ጃፓን አትክልት፣ ሩዝ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚረጋ አይብ መሰል ምግብ) እና የባሕር አረም የሞላበት አገር ስለሆነ ጿሚ የሚቸገር አይመስልም፤ የሚያስቸግረው «ዳሺ» የሚሉት መረቅ ነው። ዳሺ በአብዛኛው የሚዘጋጀው ኮምቡ ከተባለ የባሕር አረምና ከካትሱኦቡሺ ሲሆን፣ ካትሱኦቡሺ ደግሞ ካትሱኦ የተባለው ዓሣ ተቀቅሎ፣ በጢስ ደርቆ እንደ ግንድ እስኪጠነክር ከቆየ በኋላ በስሱ የሚላግ ነው። ሚሶ ከተባለው የቦካ አኩሪ አተር የሚሠራው ሾርባ ውስጥ አለ። የሶባና የኡዶን ኑድል መረቅ ውስጥ አለ። ቴምፑራ የተባለው በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ምግብ የሚጠቀስበት ስጎ ውስጥ፣ የተቀቀለው ዱባና ካሮት ውስጥም አለ። እኛ ቤት ሽንኩርት ሳይቁላላ ወጥ እንደማይጀመር ሁሉ እነርሱም ያለ ዳሺ ድስት አይጥዱም። አስተናጋጇን «ዓሣ አለበት?» ብለው ቢጠይቋት የለበትም ትላለች፤ ይህም መዋሸት አይደለም፤ እርሷ መረቁን ከዓሣ አትቆጥረውም፤ እኛም በርበሬ ውስጥ ጨው መኖሩን ሲጠይቁን ቆም ብለን ማሰብ ይኖርብናል። ስለዚህ ጥያቄው «ዳሺ አለበት?» መሆን አለበት።

በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ነውና እዚህ አይፈታም፤ የንስሐ አባትዎ የፈቀዱትን ይከተሉ። ዓሣ ለማይበላ ጿሚ የሚሆኑት ግን እነዚህ ናቸው፦ ነጭ ሩዝ፤ ካፓ ማኪ የሚባለው በሩዝና በባሕር አረም የተጠቀለለ ኪያር፤ በጨው የተቀቀለ እሸት አኩሪ አተር ማለትም ኤዳማሜ፤ እንዲሁም ቀዝቃዛ ቶፉ። ቶፉው ብዙ ጊዜ ከላይ የካትሱኦቡሺ ፍቅፋቂ ተነስንሶበት ይመጣል፤ የአናጢ መላጊያ የጣለው ስስ የእንጨት ልጥ ይመስላል፤ ትኩስ ምግብ ላይ ከሆነም በእንፋሎቱ እየተጠማዘዘ በሕይወት ያለ ነገር ይመስላል። «ካትሱኦቡሺ ኑኪ ዴ» ማለት ያለ እርሱ ይሁንልኝ ማለት ነው፤ ያለ ምንም ቅሬታ ትተው ያመጡልዎታል። ናቶ የሚባለው የቦካ አኩሪ አተር ጾም ነው፤ አብራው የምትመጣው ትንሽ የስጎ ከረጢት ግን በአብዛኛው ዳሺ አለባት፤ በእርሷ ፈንታ ተራውን የአኩሪ አተር ስጎ ይጠቀሙ። ሽታው እንደ ቆየ እርሾ ነው፤ የለመደው ይወደዋል፤ እኔ አልለመድኩትም። ቴምፑራ ሊጡ ውስጥ እንቁላል ስለሚገባ አትክልት ብቻ ቢሆንም የፍስክ ነው።

ፍጹም የጾም ምግብ የሚፈልግ ሰው «ሾጂን ርዮሪ» የሚባለውን የቡድሃ መነኮሳት ገበታ ይፈልግ፤ በኪዮቶና በኮያ ተራራ ገዳማት ዙሪያ ዝነኛ ነው። መረቁ ከኮምቡና ከደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ብቻ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ የተከለከሉበት ገበታ ስለሆነ ለእኛ አፍ ጭር ያለ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ በብዙ ሺህ የን ነውና የዘወትር ምሳ አይሆንም። ለዘወትሩ «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቤት መፈለግ ይሻላል፤ «ቬጀቴሪያን» የሚለው ግን ዳሺንም እንቁላልንም ላያስቀር ይችላል።

እስከ 9 ሰዓት ጹሜ ስወጣ ምግብ ቤቱ ሁሉ የተዘጋው ለምንድን ነው?

ምክንያቱም የምሳ ሰዓት ከ5፡30 ገደማ ጀምሮ 8 ሰዓት ወይም 8፡30 ላይ ያበቃና ብዙዎቹ ቤቶች እስከ 11 ሰዓት ድረስ ለእራት ዝግጅት ይዘጋሉ። በሩ ላይ «ጁንቢቹ» የሚል ሰሌዳ ይንጠለጠላል፤ በዝግጅት ላይ ነን ማለት ነው። በዐቢይ ጾም ይህ ነገር ብዙ ሰው በባዶ ሆዱ መንገድ ላይ አንከራትቷል። በዚያ ሰዓት ክፍት የሚሆኑት ቤተሰብ የሚስተናገድባቸው ሰንሰለት (በየቦታው ቅርንጫፍ ያላቸው) ምግብ ቤቶች፣ ካፌዎችና ቀንና ሌሊት የማይዘጉት ኮንቢኒ የሚባሉ ሱቆች ናቸው። ከኮንቢኒ የጨው ሩዝ ወይም ኡሜቦሺ የተባለ ጎምዛዛ ፍሬ ያለበትን ሩዝ መግዛት ይቻላል፤ ኡሜቦሺውም ቢሆን አንዳንዴ በዚያው ዓሣ የተቀመመ ስለሚሆን ማሸጊያውን በስልክዎ ካሜራ ያስተርጉሙ።

የአሳማ ሥጋን እንዴት ልለይ?

ቃሉ «ቡታ» ነው። ራመን የተባለው የኑድል ሾርባ ብዙውን ጊዜ መረቁም ከላይ የተጋደመው ቁራጭም አሳማ ነው፤ «ቶንኮትሱ» የሚለው ስም ራሱ የአሳማ አጥንት ማለት ነው። ጥርት ባለ የአኩሪ አተር መረቅ የሚቀርበውም ቢሆን ዶሮና አሳማ አንድ ላይ ተቀቅለውበት ሊሆን ይችላል። ጂዮዛ የሚባለው የተጠቀለለ ሊጥ መሙያው ብዙ ጊዜ አሳማ ነው፤ የካሪ ወጥ መሠረትም ብዙ ጊዜ የእንስሳ ስብ አለበት። ቶሪ ዶሮ፣ ጊዩ ከብት ነው።

ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ የማይበሉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ ኤቢ ሽሪምፕ፣ ካኒ ሸርጣን፣ ኢካ ስኩዊድ፣ ታኮ ኦክቶፐስ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ማጉሮ ማለትም ቱና፣ ሳልሞንና ታይ የተባለው ዓሣ ክንፍም ቅርፊትም አላቸው። ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች ከአሳማው በተጨማሪ ሚሪንና ሳኬ የተባሉትን አልኮል ያለባቸውን የሩዝ መጠጦች ማሰብ አለባቸው፤ በብዙ ስጎ ውስጥ ይገባሉ። በቶኪዮ ሺን ኦኩቦ አካባቢ ሐላል ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች በአንድ ቀጭን መንገድ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ።

ጽሑፉን ማንበብ ካልቻልኩ እንዴት ላዝዝ?

በጣት። በብዙ ቤቶች መስኮት ላይ የምግቡ ቅርጽ በፕላስቲክ ተሠርቶ ይደረደራል፤ የቢራው አረፋ ሳይቀር ተመስሏል። ሥራው በመጀመሪያ በሰም ነበር፤ ከጊፉ ክፍለ ሀገር ከጉጆ ሐቺማን ከተማ የወጡት ኢዋሳኪ ታኪዞ በ1932 በኦሳካ ድርጅት አቋቁመው ካስፋፉት ወዲህ የአገሩ መለያ ሆኗል። አስተናጋጁን ወደ መስኮቱ ወስደው «ኮሬ ኩዳሳይ» ቢሉ፣ ይህን ስጡኝ ማለት ነው። አስተናጋጅ ለመጥራት እንደ አገራችን ማጨብጨብ ነውር ነው፤ ድምፅ ከፍ አድርጎ «ሱሚማሰን» ማለት ግን ነውር አይደለም፤ ሳይጠሩት ደግሞ አይመጣም።

በራመን ቤትና በርካሽ ምግብ ቤቶች በር ላይ የቲኬት ማሽን ይቆማል። ገንዘቡ አስቀድሞ ይገባል፤ ቁልፎቹ ይበራሉ፤ የፈለጉትን ሲጫኑ ጣት የምታህል ወረቀት ትወድቃለች፤ እርሷን ለማብሰያው ሰው ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከኋላዎ ሰልፍ ካለ በላይኛው ግራ ጥግ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ የቤቱን ዋና ምግብ ብዙ ጊዜ እዚያ ያስቀምጡታል። በሐምሌ 2024 አዳዲስ የገንዘብ ኖቶች ከወጡ ጀምሮ አዲሱን የማይቀበሉ አሮጌ ማሽኖች ስላሉ ሳንቲም መያዝ ይጠቅማል።

የሚሽከረከረው ሱሺ ቤት እንዴት ነው የሚሠራው?

ሳህኖቹ በቀበቶ ላይ በፊትዎ ያልፋሉ፤ የፈለጉትን ያነሣሉ፤ ሒሳቡ በሳህኖቹ ቁጥርና ቀለም ይሰላል። የፈለሰፉት ሺራይሺ ዮሺያኪ ሲሆኑ፣ በቢራ ፋብሪካ ጠርሙሶች በቀበቶ ሲጓዙ አይተው የመጀመሪያውን ቤት በ1958 በኦሳካ አካባቢ ከፈቱ። በ2023 መጀመሪያ አንዳንድ ወጣቶች የሚያልፈውን ሱሺ ምራቅ በነካው ጣት ሲነካኩ በቪዲዮ ከታዩ በኋላ፣ ብዙዎቹ ሰንሰለት ቤቶች የሚያሽከረክሩትን ቀንሰው በስክሪን ሲያዙ ብቻ የሚልኩ ሆነዋል።

አንድ ነገር በጥብቅ ያስታውሱ። ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቧንቧ፣ ከሥሯም የምትገፋ ጥቁር ቁልፍ አለች። እኛ ከምግብ በፊት እጅ መታጠብ ከሕፃንነት የተማርን ስለሆንን እጃችን ወደዚያች ቧንቧ ይሄዳል። የሚወርደው የፈላ ውሃ ነው፤ አረንጓዴውን የሻይ ዱቄት በኩባያ አድርገው የሚበጠብጡበት። የመጀመሪያ ቀን አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ ሁለት ጣቱን አቃጥሎ እራቱን በግራ እጁ በልቷል። ለእጅ የሚሆነው ሲቀመጡ የሚሰጥዎት ኦሺቦሪ ማለትም እርጥብ ፎጣ ነው፤ በእርሱ ፊትና አንገት መጥረግ አይወደድም።

ሱሺ በእጅ ቢበላ ነውር ነው?

አይደለም። ኒጊሪ የሚባለው ሱሺ ከጥንትም በእጅ የሚነሣ ነው፤ በዚህ በኩል ከማንም በላይ የለመድነው እኛ ነን። ወደ ስጎው የሚጠቀሰው ዓሣው እንጂ ሩዙ አይደለም፤ ሩዙ ከተነከረ ይፈርሳል። አብሮ የሚቀርበው ዝንጅብል በአንዱና በሌላው ሱሺ መካከል አፍ ማጽጃ ነው። ራመንና ሶባ በድምፅ ቢማጉም ማንም ዞር ብሎ አያይዎትም።

ጉርሻ መስጠት ይቻላል?

በሁለቱም ትርጉሙ አይቻልም። ለአስተናጋጅ የሚተው ገንዘብ የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ትተው ከወጡ ረስተውት መስሏት እስከ መንገድ ድረስ ተከትላ ትመልስልዎታለች። የአፉ ጉርሻ ግን ከበድ ያለ ነገር አለው። ምግብን ቾፕስቲክ በሚባለው የመብያ እንጨት ከአንዱ ወደ ሌላው እንጨት ማቀበል በጃፓን በጣም የተጠላ ነው፤ ምክንያቱም አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶች አጥንቱን እንዲሁ በእንጨት እየተቀባበሉ በማሰሮ ያኖራሉ። ቾፕስቲክን በሩዝ ላይ አቁሞ መተውም ለሙት የሚቀርብ ሩዝ ስለሚመስል ያስደነግጣል። ፍቅርዎን መግለጥ ከፈለጉ ቁራሹን በሰውየው ሳህን ላይ አኑሩለት፤ ያኔ ደስ ይለዋል።

ያላዘዝኩት ምግብ ሒሳቡ ላይ ለምን ገባ?

ኢዛካያ ማለትም መጠጥ ቤት ገብተው ይሆናል። ገና ሲቀመጡ በትንሽ ሳህን የምትመጣው ነገር ኦቶሺ ትባላለች፤ የመቀመጫ ዋጋ ናት፤ በአብዛኛው ከ300 እስከ 500 የን ትደርሳለች። አልፈልግም ብሎ መመለስ በብዙ ቤቶች አያስኬድም። ሌላው ልዩነት ግብሩ ነው፤ ከጥቅምት 2019 ጀምሮ ተቀምጦ ለሚበላ 10 በመቶ፣ ይዞ ለሚሄድ 8 በመቶ ነው። ዋጋው በሁለት ቁጥር ከተጻፈ የሚከፍሉት ትልቁን ነው። ሒሳብ የሚከፈለው በመውጫው ላይ ነው፤ አብረውት የበሉት ጃፓናዊ እኩል እንካፈል ቢልዎት ስስት አይምሰልዎ፤ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» የሚለው ትግል እዚህ ገንዘብ ተቀባይዋን ያስጨንቃታል።

በጃፓን ካፌ የኢትዮጵያ ቡና ይገኛል?

ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን በሌላ ስም ነው። «ኪሳተን» በሚባሉት አሮጌ ካፌዎች ዝርዝር ላይ «ሞካ» የሚለውን ይፈልጉ። ሞካ ቸኮላት የተጨመረበት ቡና አይደለም፤ ቡና ይጫንበት የነበረው የየመን ወደብ ስም ሲሆን በጃፓን የኢትዮጵያንና የየመንን ቡና በአንድነት ይጠሩበታል። ሐረር ወይም ሲዳሞ ከሥሩ በትንሹ ተጽፎ ሊያገኙ ይችላሉ፤ አዳዲሶቹ ካፌዎች ደግሞ ይርጋጨፌን በስሙ ይጽፉታል። በ2008 ከአገራችን በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት በመገኘቱ ወደ ጃፓን የሚላከው በእጅጉ ቀንሶ ነበር፤ በኋላ አገግሟል።

ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያው የቡና ቤት የተከፈተው በ1888 በቶኪዮ ኡዌኖ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ዛሬ የሚያዩት ኪሳተን ጨለም ያለ፣ ወንበሩ ቀይ ቬልቬት፣ ባለቤቱ ሽማግሌ የሆነ ቤት ነው። ሽማግሌው ቡናውን በጨርቅ ማጥለያ ላይ አኑሮ ውሃውን እንደ ክር አቅጥኖ ያፈስበታል፤ ዱቄቱ አብጦ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ እንደገና ያፈሳል። አንድ ስኒ ከ600 እስከ 800 የን ሊያስወጣ ይችላል፤ ቶናና በረካ የለውም፤ ሁለተኛው ስኒ ሌላ ሒሳብ ነው። በዚያች በአንዷ ስኒ ግን ሁለት ሰዓት ቢቀመጡ የሚያስነሣዎት የለም። በናጎያና በአካባቢዋ ጠዋት ቡና ያዘዘ ሰው የተጠበሰ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በቡናው ዋጋ ብቻ ይመጣለታል፤ በፍስክ ቀን ከሆነ ከዚህ የሚሻል ቁርስ አላውቅም። ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ቤት ውስጥ ማጨስ በመርሕ ደረጃ ቢከለከልም፣ ለትንንሽ ነባር ቤቶች ልዩ ፈቃድ ስላለ ጢስ የማይወድ ሰው በሩ ላይ ያለውን ምልክት ይመልከት።

አለርጂ አለብኝ፤ ምን ላድርግ?

በጃፓን በታሸገ ምግብ ላይ መጻፍ ካለባቸው መካከል እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ሶባ (ባክዊት የተባለው እህል)፣ ኦቾሎኒ፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ዋልነት ይገኛሉ። ይህ ግዴታ ምግብ ቤትን አይመለከትም፤ ስለዚህ ያለብዎትን በጃፓንኛ ጽፈው በኪስዎ ይያዙ። ስንዴ የማይስማማው ሰው ሶባ ኑድል አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ እንደሚቀላቀልበት፣ የአኩሪ አተር ስጎም ከስንዴ ጋር እንደሚቦካ ይወቅ።

እንጀራ ሲናፍቀኝስ?

በቶኪዮ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በካትሱሺካ ወረዳ፣ በተለይም በዮትሱጊ አካባቢ ይገኛሉ፤ የሐበሻ ምግብም እዚያው ነው። ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ።

የተረፈኝን ማስጠቅለል እችላለሁ?

በአብዛኛው እምቢ ይሉዎታል። ቤት ወስደው ቢያሳምምዎት ኃላፊነቱ በእነርሱ ላይ እንዳይመጣ ይፈራሉ፤ ለጥሬ ዓሣማ ጭራሽ አይሞከርም። ጥቂት ሰንሰለት ቤቶች ለተጠበሰና ለደረቅ ምግብ ሣጥን ይሰጣሉ፤ መጠየቁ ነውር የለውም። ሲያዙ ግን «ሱኩናሜ» ቢሉ ሩዙን ቀነስ አድርገው ያመጡልዎታል፤ አንዳንድ ቤት ለዚህ ሲል ከዋጋው 50 የን ይቀንሳል።